«ሙሉ ኪት» የተባለው የታፔት ከቨር ጋስኬት ከ14 ወር በኋላ

ሳጥኑ ላይ «ሙሉ ኪት» ይላል። ሙሉ አይደለም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ትንሽ ወረድ ብዬ ጋስኬቱን ላመሰግነው ነው፣ በምስጋናው መሃል ንዴቴ እንዲበርድ ደግሞ አልፈልግም።

ለማያውቅ ሰው፦ ታፔት ከቨር ማለት ቴስታታው (የሞተሩ አናት) ላይ የተደፋው ክዳን ነው። ቫልቭ ከቨርም ይባላል። ኮፈኑን ስትከፍት ዓይንህ መጀመሪያ የሚያርፍበት፣ ዘይት የሚሞላበት ቀዳዳ ያለው እሱ ነው። በክዳኑና በቴስታታው መሃል ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የጎማ ገመድ የመሰለ ነገር አለ። ጋስኬቱ እሱ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ውስጥ የሚረጨው ዘይት ውስጥ እንዲቀር ማድረግ።

የኔ ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ነው። ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) የተቀመጡት በክዳኑ መሃል ወደ ታች በሚወርዱ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። አሮጌው ጋስኬት ሲደርቅ ዘይቱ በሁለት በኩል ወጣ። አንዱ ወደ ካንዴላዎቹ ጉድጓድ ገባ፤ የቦቢናው (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ጎማ ዘይት ጠጥቶ አበጠ፣ ሞተሩም ጠዋት ጠዋት ብርድ እንደመታው ሰው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌላው በኋላ በኩል ወርዶ የጋለው ማኒፎልድ (የሞተሩ ጭስ መውጫ) ላይ ይንጠባጠባል። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም በአየር ማስገቢያው ሰተት ብሎ የሚገባ፣ ጎንህ የተቀመጠው ሰው ምንም ሳይናገር መስኮት የሚያወርድበት የተቃጠለ ዘይት ሽታ።

መጀመሪያ ያየው መካኒክ ከሥር ገብቶ በባትሪ አየት አደረገና «የኋላ ኦይል ሲል ነው፣ ካምቢዮ ይወርዳል» አለኝ። ኦይል ሲል ማለት ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር በሚገናኝበት በኩል ያለው የዘይት ማሸጊያ ነው። ካምቢዮ ማውረድ ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ልቤም አብሮ ወረደ። ደግነቱ እሺ ከማለቴ በፊት ሞተሩን አሳጠብኩት። ዘይት ከላይ ይወጣል፣ ከታች ይታያል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። 2 ቀን ነድቼ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ስፈልግ፣ ከታፔት ከቨሩ ጠርዝ በላይ ያለው ሁሉ ደረቅ ነው፣ ከጠርዙ በታች ያለው ሁሉ እርጥብ። ካምቢዮው ባለበት ቀረ።

እንግዲህ ጋስኬት ፍለጋ ተጀመረ።

ሻጩ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። «ሁሉም ጎማ ነው ወንድሜ፣ ዋናው ልኩ ነው» አለ። እዚያ ቆሜ ዝም አልኩ። መልሱ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ስለዚህ አሁን ልመልስለት። አይደለም ጌታው፣ ሁሉም ጎማ አንድ አይደለም። ኤንቢአር ተብሎ የሚጻፍበት ናይትራይል ጎማ ነው። ዘይት ይችላል፤ ሙቀት ላይ ግን ከ100 እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል፣ የሞተር አናት ደግሞ ውሎው እዚያው አካባቢ ነው። ለጊዜው ይይዛል፣ ከዚያ እየደረቀ ፕላስቲክ ይሆናል። ኤሲኤም የሚባለው አክሪሊክ ጎማ እስከ 150 ድረስ ይሄዳል። ሲሊኮን ጎማ 200ን ያልፋል፣ ግን ስስ ነው፤ ሲገጠም ከተጎተተ ወይም ከተቆነጠጠ ቶሎ ይቀደዳል። ኤፍኬኤም የሁሉም አለቃ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ቡሽ የሚገጠምላቸው የድሮ ሞተሮችም አሉ፤ ቡሽ ሲያረጅ ይሰበሰባል፣ ጠበቅ ሲደረግ ደግሞ ይሰነጠቃል።

እኔ ኤሲኤሙን ወሰድኩ። ካወጣሁት አሮጌ ጋስኬት ጎን ላይ እነዚያው 3 ፊደሎች ነበሩ፤ የሞተሩ ሠሪ ካመነበት እኔ ማን ነኝና?

ገጠማውን ራሴ ነው የሠራሁት። ክዳኑን ማውጣት ቀላል ነው። ቦቢናዎቹን መንቀል፣ ቱቦዎቹን መፍታት፣ 10 ብሎን በ10 ቁጥር ቡሶላ ማውጣት፣ አለቀ። ቀኑን የበላው መፋቁ ነው። ከኔ በፊት የነካው ሰው አሮጌው ጋስኬት ላይ ዙሪያውን ሲሊኮን ለድፎበታል። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነው። ውስጥ ግን ተጨምቆ የገባው እንደ ትል ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንዱን በጣቴ ስነካው ተቆርጦ ወደቀ። ያ ቁራጭ ወደ ኮፓው (ከሥር ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ገንዳ) ወርዶ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት ላይ ቢለጠፍ ሞተሩ ዘይት ይጠማል። «ሲሊኮን ብቻ ይበቃል፣ ጋስኬት ምን ያደርጋል» የምትሉ ሰዎች ይህን ትል ብታዩት ደስ ይለኝ ነበር። እርግጥ ብዙ ሞተሮች ላይ ኮፓው ከፋብሪካም ሲወጣ በሲሊኮን ብቻ ታሽጎ ነው። እዚያ ቦታው ነው። ጋስኬት ላይ ዙሪያውን መለደፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

የብረት መፋቂያ አልተጠቀምኩም። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፣ አንድ ጭረት ለዘይቱ መንገድ መክፈት ነው። በፕላስቲክ መፋቂያ፣ በጨርቅ፣ በብሬክ ማጽጃ፣ ሲያቅተኝም በጥፍሬ። ከዚያ ጋስኬቱን ክዳኑ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ በደረቁ አስገባሁት። ሲሊኮን ያደረግኩት 2 ቦታ ብቻ ነው፤ የፊተኛው የሰንሰለት ክዳን ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ማዕዘኖች ላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ጠብታ። ሁለት ብረት በሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ደረጃ ስለሚኖር ጎማው ብቻውን አይሞላውም። ሲሊኮኑ ገና ቆዳ ሳያወጣ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ክዳኑን አስቀመጥኩ። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ጫፍ፣ በመስቀለኛ፣ በ2 ዙር አጠበቅኩ። የሞተሩ መመሪያ የማጥበቂያው ልክ 10 ኒውተን ሜትር ነው ይላል። የመኪና ጎማ ዳዶ 100 አካባቢ እንደሚጠብቅ ካሰብከው 10 ማለት ምንም ነው፤ በእጅ አንጓ የሚደረስበት ነው። ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያ ልኩ ሲደርስ ድምፅ የሚሰጠው ቁልፍ) ቀጭ ሲል አቆምኩ። ሞተሩንም ሳላስነሳ አደርኩ፤ ሲሊኮን በደንብ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል።

ኩራቴን ማየት ነበረባችሁ። ለ3 ሳምንት።

ከ3 ሳምንት በኋላ ሽታው ተመለሰ።

ንዴቴ መጀመሪያ ያረፈው ጋስኬቱ ላይ ነው። ሻጩን በሐሳቤ ፊት ለፊት አቁሜ ያልነገርኩት የለም። እሱ ግን በኔው ሐሳብ ውስጥ እንኳ አይሸነፍም፤ «ገጣሚው ነው እንጂ ዕቃው ምን አደረገ» ይለኛል። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

ምክንያቱም ቀጥሎ የሠራሁት ጥፋት የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። አንድ የማውቀው መካኒክ «ትንሽ ጠበቅ አድርገው፣ ያቆማል» አለኝ። ይህን ምክር ያልሰማ ባለመኪና ያለ አይመስለኝም። ጠበቅ አደረግኩ፤ ቶርክ ሬንቹን ትቼ፣ በስሜት። ከኋላ ያለው አንዱ ብሎን መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ድንገት ለስላሳ ሆነ። ያን ነገር እጁ ላይ ያየ ሰው አይረሳውም። ብሎን ሲጠብቅ እየከበደ ነው የሚሄደው፤ ከቀለለህ አልቋል ማለት ነው። የቴስታታው ጥርስ ተበላ። ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ያለው እጅጌ እስኪገባለት ድረስ መኪናዋ ቆመች። ስለዚህ ቀን ከዚህ በላይ ባላወራ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሞተሩ መተንፈሻ ነበር፣ ፒሲቪ ቫልቭ የሚሉት። በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ ወደ ታች የሚያልፈውን ጋዝ እንደገና እንዲቃጠል ወደ አየር መግቢያው የሚመልስ ትንሽ ቫልቭ ነው። እሱ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ያኔ የደከመውን ጋስኬት ፈልጎ፣ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። አወጣሁትና ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩት። የኔ ዓይነቱ ደህና ከሆነ ሲነቀነቅ ኳ ኳ ይላል። ድምፅ የለም። ዝቃጭ አጣብቆታል። በአዲስ ቀየርኩና «አሁንስ አበቃ» አልኩ። አላበቃም። ትንሽ ቀነሰ እንጂ አላቆመም። ይህን የምጽፈው «ችግሩ ፒሲቪው ነበር» የሚል አዋቂ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። ወንድሜ፣ ከቀየርኩት በኋላ 2 ሳምንት ነድቻለሁ፤ ማኒፎልዱ ይጨስ ነበር።

ያወጣኝ የሕፃን ፓውደር ነው። የኋላውን ጠርዝ በብሬክ ማጽጃ አጥቤ በደንብ ካደረቅኩት በኋላ ፓውደር ነፋሁበት። ነጭ ሆነ። ሞተሩን አስነስቼ ሩብ ሰዓት ያህል ካቆየሁት በኋላ ባትሪ ይዤ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከአንዱ የኋላ ብሎን አጠገብ አንዲት ቡናማ ነጥብ ወጣች። እያየኋት ሰፋች። ነጩ ላይ ክር መስላ ወደ ታች መውረድ ጀመረች። አጠፋሁት፣ እስኪቀዘቅዝም ጠበቅኩ። ብሎኑን ነካሁት፤ ጠብቋል። ቶርክ ሬንቹን አደረግኩበት፤ 10 ላይ ቀጭ አለ። ሁሉም ልክ ነው። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ በብሎኑ ራስ ሥር ያለችውን ጥቁር ጎማ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኳት።

ዞረች።

ጥብቅ ባለ ብሎን ሥር ተቀምጣ፣ የሰፋ ቀለበት ጣት ላይ እንደሚዞር ዞረች።

ያቺ የጎማ ሮንዴላ ናት። 10 ናቸው፣ በየብሎኑ አንድ አንድ። እኔ ክዳኑን ስፈታ ከነብሎናቸው አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አስገብቻቸዋለሁ። ማን ያስባቸዋል? ነገሩ ግን ሁሉ እዚያ ነበር። የነዚህ ብሎኖች አንገት ላይ ደረጃ አለ። ብሎኑ ሲገባ ደረጃው ብረት ላይ ያርፍና ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ብታጠብቀው ጥርስ ትበላለህ እንጂ ወደ ታች አትወርድም (እኔ አረጋግጬላችኋለሁ)። ስለዚህ ክዳኑን የሚጫነው የብሎኑ ራስ አይደለም፣ መሃል ላይ ያለችው ጎማ ናት። ለስላሳ ስትሆን ተጨምቃ እንደ መኪና ሞላ ወደ ታች ትገፋለች። ደርቃ ከሟሸሸች ብሎኑ ጠብቋል፣ ቶርክ ሬንቹም ቀጭ ብሏል፣ ክዳኑን ግን የያዘው የለም። ሥሩ ያለው ጋስኬት የፈለገውን ያህል ጥሩ ይሁን፣ ካልተጫኑት አያሽግም።

ሁሉንም አወጣኋቸው። አንዷን በሁለት ጣቴ ላጥፋት ስል እንደ ብስኩት ተሰበረች። ጎማ ነበረች እኮ።

አዳዲሶቹን ለብቻ ፈልጌ ገዛሁ። ሲነኩ እንደ ጆሮ ለምቦጭ ናቸው። ክዳኑን አንስቼ ያንኑ ጋስኬት አየሁት፤ የተቆነጠጠ ቦታ የለውም፣ ስጫነው ተመልሶ ይነሳል። አዲስ ልግዛ ወይስ ልመልሰው ብዬ አመነታሁ፤ አንድ ጊዜ የታሰረ ጋስኬት መመለስ አይመከርም፣ እኔም ለሌላ ሰው አልመክርም። ግን ደክሞኝ ነበር፣ ገና ጥቂት ሳምንት የሠራ ጎማ ነው፣ መለስኩት። ሁለቱን ማዕዘኖች አጽድቼ አዲስ ሲሊኮን ጠብ አደረግኩ፣ 10 ኒውተን ሜትር፣ ከመሃል ወደ ጫፍ። በዚያው 10 ላይ አሁን ሌላ ነገር ይሰማል፤ ብሎኑ ደረጃው ላይ ከማረፉ በፊት ጎማዋ ስትጨመቅ እጅህ ላይ ታውቃታለህ።

ከዚያ ወዲህ 1 ዓመት ሆነው። ደረቅ ነው። በየዘይት ቅየራው ከኋላ በኩል ጣቴን ሰድጄ አያለሁ፣ ጣቴ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። የካንዴላዎቹ ጉድጓድም ደህና ነው፤ ኪቱ ውስጥ የመጡት 4 የጉድጓድ ቀለበቶች ሥራቸውን ይዘዋል፣ ስለነሱ የምለው የለኝም።

ስለዚህ ጋስኬቱ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ ተገጥሞ፣ በኔ ጥፋት አንዴ ያለልኩ ተጠፍሮ፣ አሁንም ዘይት ይይዛል። ርካሹን ኤንቢአር ብወስድ ኖሮ ይህን ሁሉ ግርግር ይችል ነበር ብዬ አላስብም። በዚህ በኩል በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ርካሹ ይበቃህ ነበር የሚለኝ ሰው ቢመጣም እከራከረዋለሁ።

ሳጥኑ ግን! «ሙሉ» የሚለው ቃል ላይ ነው የማልስማማው። ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ሮንዴላ ማንም አይቀይርም ወንድሜ፣ ያው ይመለሳል።» ለዚያ ነዋ ሁሉም ጋስኬት ቀይሬ ተመልሶ አፈሰሰ የሚለው! «ደግሞ ለብቻ ይሸጣል።» ይሸጥ፤ ታዲያ ሙሉ ለምን አላችሁት? ትልቁን ጋስኬትና 4 ቀለበት በአንድ ላስቲክ አድርጎ ሙሉ ማለት፣ በር ሸጦ ማጠፊያውን ራስህ ፈልግ እንደ ማለት ነው። እነዚያ 10 ጎማዎች ከሳጥኑ ጥግ በላይ ቦታ አይዙም ነበር። ባይጨመሩ እንኳ አንዲት ብጣሽ ወረቀት «የብሎን ጎማዎቹን አብረህ ቀይር» ብትለኝ፣ የቴስታታዬ ጥርስ ዛሬም የፋብሪካው ይሆን ነበር።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ እንደ ቀኑ ነው። ረጅም መንገድ ነድቼ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ የጋለ ብረት ሽታ ብቻ ሲሸተኝ ከ5 አምስት እሰጠዋለሁ። ያቺ እጅጌ የገባላት ቀዳዳ ላይ ዓይኔ ሲያርፍ ወደ 3 አወርደዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አይቻታለሁ።

በቀደም አንድ ጓደኛዬ ደወለ። የሱም መኪና ሞተሯ ከኋላ በኩል ማጨስ ጀምሯል። እኔ የገዛሁትን ራሱን ገዝቷል፣ ድምፁ ደስ ብሎታል። «ሙሉ ኪት ነው፣ ነገ እገጥመዋለሁ» አለኝ።

«እስቲ አሁን ክፈተውና የጎማ ሮንዴላዎቹን ቁጠርልኝ» አልኩት።

ሳጥን ሲከፈት፣ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «ትልቁ አለ» አለ። «ቀለበቶቹም አሉ፣ አራት።» ከዚያ ዝም አለ። ላስቲኩ እንደገና ተንኮሻኮሸ።

«ሮንዴላ የምትለው የቱን ነው?»